የኦርኩ ሕፃን ምን በደለ?



አምስት ወጣቶች አንድ ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠዋል። በእጃቸው ወረቀትና እርሳስ፣ በመካከላቸውም ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ አለ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ በቃል ይጫወታሉ። ከእነርሱ አንዱ ፓላዲን ነው፤ ለጽድቅ የማለ፣ ክፋትን ሊዋጋ የተነሣ ተዋጊ ማለት ነው። ቡድኑ ወደ አንድ ዋሻ ገብቶ ኦርክ የሚባሉትን አስፈሪ ፍጥረቶች ወግቶ ጨረሳቸው። ውጊያው ሲያበቃ ከዋሻው ጥግ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ። የኦርኮቹ ሕፃናት ናቸው። የጨዋታው መሪ ወደ ፓላዲኑ ዞሮ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» አለው።

ይህ ጥያቄ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ በሚወዱ ሰዎች መካከል ለዐሥርት ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። ከውጭ ላየው መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሕፃን አይገደልም፣ አለቀ። ነገር ግን የጨዋታው መጽሐፍ ኦርክ ክፉ ነው ብሎ ጽፏል። አንድ ኦርክ አይደለም፤ ኦርክ የተባለ ሁሉ። ታዲያ ያ ሕፃን አድጎ ክፉ እንደሚሆን መጽሐፉ ካረጋገጠ፣ ዛሬ እሱን መግደል ኃጢአት ነው ወይስ ጽድቅ?

በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ጨዋታ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ያገኙታል። አገር ቤት ያሉትም ኦርክንና ኤልፍን በፊልም አይተዋቸዋል። ወላጆች ስለዚህ ነገር ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ «አስማት አለበት ወይ? አጋንንት አለበት ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ክስ ይዘን ቀርበናል።

ክሳችን ይህ ነው፦ ጨዋታው ሥጋና ደም ባላቸው፣ እናትና ልጅ ባላቸው ፍጥረቶች ላይ የአጋንንትን ፍርድ ፈርዷል። ክፋትን ከልብ አውጥቶ በደም ውስጥ አስቀምጦታል። ይህ ደግሞ በቀጥታ ከወንጌል ጋር ይጋጫል። ክሱም በጨዋታው ደጃፍ ብቻ አይቆምም፤ ወደ እኛም ቤት ይገባል።

ክፋት በመታወቂያ ላይ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 በአሜሪካ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያዘጋጁት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በጨዋታው ዓለም ያለ ፍጥረት «አሰላለፍ» ነበረው፤ ይህም የሚቆምበት የምግባር ወገን ማለት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አሰላለፎቹ ሦስት ነበሩ፦ ሕግ፣ ገለልተኛነትና ሁከት። ጥቂት ቆይቶ ደግነትና ክፋት ተጨምረውበት ዘጠኝ ሆኑ። በ1977 የወጣው «ሞንስተር ማንዋል» ፍጥረቶቹን በተራ ዘርዝሮ የእያንዳንዱን መጠን፣ ጉልበትና አሰላለፍ ጻፈ። እንደ መታወቂያ ነው፤ ስም፣ ቁመት፣ ክፋት።

አንድ ነገር ልብ እንበል። በ1977ቱ መጽሐፍ ኦርክ ሥርዓት ያለው ክፉ ነበር። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ደግሞ ሥርዓት የለሽ ክፉ ሆነ። ኦርክ በሕግ የሚኖር ይሁን በሁከት የሚኖር፣ መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ያልተነካው «ክፉ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ስለ አንድ ሕዝብ አስቀድሞ የተቆረጠ ፍርድ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱ ይቀያየራል፣ ፍርዱ ግን አይነቃነቅም።

ኦርክን ለዚህ ጨዋታ ያወረሰው እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ሥራው በ1954 እና በ1955 ታትሟል። ቶልኪን የካቶሊክ አማኝ ነበር። ክፉው መፍጠር አይችልም፤ የተፈጠረውን ማበላሸት ብቻ ነው የሚችለው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ኦርኮች ፈጽሞ ከመዳን ውጪ ናቸው ማለት ከእምነቱ ጋር እየተጋጨ አስቸገረው፤ ስለ አመጣጣቸውም ሐሳቡን ደጋግሞ እየለወጠ ሳይቋጨው ዐረፈ። በሌላ በኩል ደግሞ በ1958 በጻፈው ደብዳቤ የኦርኮችን መልክ ሲገልጽ የሞንጎል ሕዝቦችን መልክ አዋርዶ ነው የሣለው። እንግዲህ ከደራሲው ሁለት ነገር ተወረሰ ማለት ነው፤ የሕሊና ጭንቀቱና የዘመኑ ንቀት። ጨዋታው ጭንቀቱን ትቶ፣ ዕድሜ ልኩን ያስቸገረውን ጥያቄ በአንድ ቃል ዘጋው፦ «ክፉ»።

የሳትነው ዒላማ

በ1980ዎቹ በአሜሪካ ያሉ ብዙ ወንጌላውያን በዚህ ጨዋታ ላይ ብርቱ ዘመቻ አካሄዱ። ጃክ ቺክ የተባለው የትራክት አሳታሚ በ1984 ጨዋታው ወጣቶችን ወደ ጥንቆላና ወደ ሞት ይመራል የሚል በሥዕል የተዘጋጀ ትራክት አሠራጨ። ጩኸቱ ተሰምቷል። አሳታሚው ድርጅት በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም አጋንንትና ዲያብሎስ የሚሉትን ስሞች አንሥቶ በፈጠራ ስሞች ተካቸው።

ስሞቹ ተነሡ። በዚያው እትም ግን ኦርክ ክፉ፣ ጎብሊንም ክፉ እንደ ሆኑ ቀጠሉ። ስለዚህ ነገር ዘመቻው ብዙም አልተናገረም። የአጋንንት ስም መጽሐፍ ላይ ታተመ ብለን ደነገጥን፤ አንድ ሕዝብ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ለሰይፍ የተዘጋጀ ነው የሚል ትምህርት ግን በፊታችን ሲያልፍ አላስደነገጠንም። ጌታ ትንኝን ስለሚያጠሩ፣ ግመልን ግን ስለሚውጡ ሰዎች የተናገረው በእኛ ላይ ደረሰ።

ጥንቆላ ቀላል ነገር ነው እያልን አይደለም። ዘዳግም 18 ግልጽ ነው፤ ሙታንን መጥራትና ምዋርትን መጠየቅ በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው። እኛ የምንለው፣ ዲያብሎስ በስሙ ሲጠራ ብቻ የምናውቀው ከሆነ ገና አላወቅነውም ነው። ጌታ ስለ እርሱ ሲናገር ከመጀመሪያው ነፍሰ ገዳይ ነበረ ብሎአል (ዮሐ. 8፥44)። ነፍሰ ገዳዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀንድ አብቅሎ ሳይሆን «እነዚያ እኮ ሰው አይደሉም» እያለ ነው።

ቅጫምና ቅማል

ይህ ማጋነን የሚመስለው ካለ ቀጥሎ ያለውን ያንብብ። ጋይጋክስ በ2005 ለተጫዋቾች ጥያቄ ሲመልስ፣ ከክፉዎቹ ፍጥረቶች ወገን የሆኑ ያልተዋጉትም ቢሆኑ በደጉ ተዋጊ ሞት ሊፈረድባቸው እንደሚችል ተናገረ። ለዚህም አንድ የቆየ አባባል ጠቀሰ፦ ቅጫም ቅማል ይሆናል። ቅጫሙን ዛሬ ካልጨፈለቅኸው ነገ ቅማል ሆኖ ይነክስሃል ማለት ነው። አባባሉ የሚነገርለትንም ሰው በስም አነሣ፤ ያውም ሐሳቡን ደግፎ። ሰውየው ጆን ቺቪንግተን ይባላል።

ቺቪንግተን ማን ነበር? የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1864 (ይህም በእነርሱ ኖቬምበር) በኮሎራዶ ግዛት ሳንድ ክሪክ በሚባል ስፍራ የሰፈሩ የሻያንና የአራፓሆ ሕዝቦችን ወታደሮቹን ይዞ ወረራቸው። ሰፈሩ ሰላም እንደሚፈልግ ለማሳየት የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። ከ150 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ስለ ሕፃናቱ ቅጫም ቅማል ይሆናል ብሎ ተናገረ የሚባለው ይህ ሰው ነው። በመድረክ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የቆመ ሰው!

በዚያው ቀን በዚያው ስፍራ ሌላ መኮንን ነበረ፤ ካፒቴን ሳይላስ ሶል ይባላል። ወታደሮቹ እንዳይተኩሱ አደረገ። በኋላም ያየውን በደብዳቤ ጻፈ፤ በምርመራው ፊት ቀርቦም መሰከረ። ከጥቂት ወራት በኋላ በ1865 በዴንቨር መንገድ ላይ ተገደለ። የዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ግፍ በጉባኤ ይቅርታ የጠየቀችው በ1996 ነው፤ ከ132 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ በጠረጴዛው ዙሪያ «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ወጣት ጥያቄው የተረት ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ። ጥያቄው በእውነተኛ ሜዳ ላይ፣ በእውነተኛ ሕፃናት ፊት ተጠይቋል። አንዱ ሰባኪ መልሶ ወደቀ፤ አንዱ ወታደር መልሶ ሞተ።

እኛስ ብንሆን «የእባብ ልጅ እባብ» እንል የለ? ቅጫምና ቅማል ከዚህ በምን ይለያል?

ረዓብና አካን

እዚህ ላይ ጠያቂ አንባቢ «መጽሐፍ ቅዱስስ እስራኤል ከነዓናውያንን እንዲያጠፋ አላዘዘም ወይ?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ክፍሉን እስከ መጨረሻው እናንብበው።

በመጀመሪያ፣ እግዚአብሔር ለአብርሃም ሲናገር የአሞራውያን ኃጢአት ገና አልሞላም ብሎ ዘመናትን ታግሦአል (ዘፍ. 15፥16)። ደማቸው ቢሆን የተፈረደበት መታገሥ ለምን አስፈለገ? የተፈረደው በሥራቸው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ያንኑ ሥራ እስራኤል ብትሠራ ምድሪቱ እርሷንም እንደምትተፋ አስጠንቅቆአታል (ዘሌ. 18፥28)፤ በምርኮም ፈጽሞታል። ሦስተኛ፣ በዚያው በኢያሱ መጽሐፍ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ረዓብ ከነዓናዊት ናት፤ ያውም ጋለሞታ። በእግዚአብሔር ታመነችና ከነቤተ ሰቧ ዳነች፤ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥም ገባች (ማቴ. 1፥5)። አካን ደግሞ ከይሁዳ ነገድ ነው፤ በደም ንጹሕ እስራኤላዊ። እርሱ ግን ጠፋ። አሰላለፍ በደም ቢሆን ኖሮ ረዓብ መጥፋት፣ አካን መዳን ነበረበት።

ኢያሱ ራሱ ሰይፍ የመዘዘውን የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ባየ ጊዜ፣ ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን ብሎ ጠየቀው። መልሱ አይደለሁም የሚል ነበር (ኢያሱ 5፥13-14)። ኢያሱ በምድር ላይ ያሉትን ሁለት ወገኖች ቆጥሮ እግዚአብሔርን ከአንዱ ሊያሰልፍ ፈለገ። እግዚአብሔር ግን በእኛ መዝገብ ላይ አይሰለፍም። እኛ ነን ወደ እርሱ የምንሰለፈው። ያ ትእዛዝም ለዚያ ዘመን ለዚያ ሕዝብ ተሰጠ እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አልተሰጠም፤ ለእኛ የተሰጠን ትእዛዝ ወደ አሕዛብ ሁሉ በወንጌል መሄድ ነው።

በእርግጥ ከመዳን ውጪ የሆኑ ፍጥረቶች አሉ፤ ቃሉ ስለ አጋንንት ይናገራል። ጌታ የያዘው የመላእክትን ባሕርይ ሳይሆን የአብርሃምን ዘር ነው (ዕብ. 2፥16)። ነገር ግን አጋንንት አይወለዱም። እናት የላቸውም፤ ጡት የሚጠባ ልጅ የላቸውም። ጳውሎስ መጋደላችን ከሥጋና ከደም ጋር አይደለም ሲል (ኤፌ. 6፥12) መስመሩን ያሰመረው በትክክል እዚህ ላይ ነው። የጨዋታው መዝገብ አጋንንትንና ኦርክን በአንድ ቃል «ክፉ» ብሎ ሲጽፍ ያንን መስመር ደመሰሰው። በአጋንንት ላይ የተፈቀደውን ሰይፍ ሥጋ ለባሽ ሕፃን ላይ አነሣው።

ስለ ሕፃናቱ ደግሞ የእግዚአብሔር መልስ ተጽፎልናል። ነነዌ የእስራኤል ጠላት፣ በጭካኔዋ የታወቀች ከተማ ነበረች። ዮናስ መዝገቡን ይዞ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ተቀምጦ ፍርዱን ይጠብቃል። እግዚአብሔር ግን ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ስላሉባት አላዝንምን ብሎ ጠየቀው (ዮና. 4፥11)። መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያበቃል። የዮናስ መልስ አልተጻፈም። መልሱን እኛ እንድንሰጥ ይመስለናል።

ጥቁሩ ኤልፍ

በዚያው ጨዋታ ድራው የሚባሉ ኤልፎች አሉ። በ1978 በወጡት የጀብዱ መጻሕፍት በሰፊው ተገለጡ። ቆዳቸው ጥቁር፣ ጠጉራቸው ነጭ ነው፤ ከምድር በታች ይኖራሉ፤ ለሸረሪት ጣዖት ይሰግዳሉ፤ ክፉዎችም ናቸው። የብርሃኑ ኤልፎች ግን ነጫጭና መልካሞች ናቸው። ይህን የሚያነብ ጥቁር ልጅ ምን ይሰማው ይሆን ብሎ ለመጠየቅ ብዙ ዓመት ፈጀ።

እኛ ይህን ታሪክ ከሌላ ቦታ እናውቀዋለን። በዘፍጥረት 9 የተረገመው ከነዓን ነው፤ ኩሽ አይደለም። ባሪያ ፈንጋዮች ግን እርግማኑን በጥቁር ሕዝብ ሁሉ ላይ ዘርግተው መጽሐፍ ቅዱስን የንግዳቸው ደረሰኝ አደረጉት። ኤርምያስ 13፥23 ላይም ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን የሚለው ጥያቄ እኛን ለመስደብ ጥቅም ላይ ውሏል። ክፍሉ ግን የሚከሰው ኢትዮጵያዊውን አይደለም፤ ይሁዳን ነው። ቆዳ ቆዳ ነው፤ ነውር የለበትም። ክፋት ግን የተለመደ ነገር ነው፤ የለመደውም ራሱን ቅዱስ ሕዝብ ብሎ የሚጠራው ነው። ትንሽ ገፋ ብለን በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 38ን ብናነብ፣ የይሁዳ አለቆች ነቢዩን ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት፣ በአሮጌ ጨርቅና በገመድ ጎትቶ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። መልኩ አልተለወጠም፤ መለወጥም አላስፈለገውም።

አንዳንዶች ጨዋታውን ሲከላከሉ «ደግ ድራው እኮ አለ» ይላሉ። እውነት ነው፤ አር. ኤ. ሳልቫቶሬ በ1988 ባሳተመው ልብ ወለድ ድሪዝት የተባለ ደግ ድራው አስተዋውቆ እጅግ ተወደደ። ነገር ግን አንዱ ደግ የተደነቀው የቀሩት ሁሉ ክፉ ስለሆኑ ነው። «አንተ እኮ እንደ እነሱ አይደለህም» የተባለ ሰው ይህን ምስጋና ያውቀዋል፤ አንዱን እያመሰገነ ሕዝቡን የሚሰድብ ምስጋና ነው። ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር፣ ሳምራዊ ቢሆንም ደግ ነበረ አላለም። በመንገድ ዳር የወደቀውን ባልንጀራ አሳየንና አንተም ሂድና እንዲሁ አድርግ አለን።

ቃል መቀየር አያድንም

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ነገሩን ማረም ጀምረዋል። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት በሰኔ 2020 ኦርክና ድራው የተገለጡበት መንገድ እውነተኛ ሕዝቦች ሲዋረዱ የኖሩበትን አነጋገር እንደሚያስታውስ አምኖ፣ እንደሚያርም ቃል ገባ። በ2022 መጨረሻም «ዘር» የሚለውን ቃል ትቶ «ዝርያ» ማለት እንደሚጀምር አስታወቀ፤ በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍም በዚሁ ቃል ታተመ፤ ኦርክም ተጫዋች የሚመርጠው ገጸ ባሕርይ ሆነ። ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ ጨዋታ ደግሞ በ2023 አሰላለፍን ጨርሶ አስወጣ።

አንዳንድ አማኞች በዚህ ይሳለቃሉ፤ «የዘመኑ ፖለቲካ ነው» ይላሉ። እኛ ግን አንሳለቅም። ሰው ሐሰትን ሲተው፣ ያስተማረችው ቤተ ክርስቲያን ባትሆንም ልናመሰግን ይገባል። ይልቅስ እኛ መናገር ሲገባን እነርሱ ቀድመውን መናገራቸው ሊያሳፍረን ይገባል።

ነገር ግን እርማቱ ብቻውን በቂ አይደለም። ያው ድርጅት ቃል ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2022 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ፣ ዝንጀሮ መሰል ስለሆነ ሕዝብ የጻፈው የባርነት ታሪክ ጥቁር ሕዝቦችን የሚያዋርድ ሆኖ በመገኘቱ እንደገና ይቅርታ ጠይቆ ክፍሉን ማውጣት ግድ ሆነበት። ቃል በማረሚያ ይስተካከላል፤ ልብ ግን አይስተካከልም።

ከዚህ የሚብስም አደጋ አለ። «ክፉ ሕዝብ የለም» የሚለው ትክክለኛ ቃል ቀስ ብሎ «ክፋት የለም» ወደሚል ይንሸራተታል። ይህ ወንጌል አይደለም። የመጀመሪያው መጽሐፍ እነዚያ ክፉዎች ናቸው፣ እኛ ደጎች ነን አለ። አዲሱ መንፈስ ደግሞ ሁላችንም በመሠረቱ ደጎች ነን ሊል ይፈልጋል። ቃሉ ግን አይሁድም ግሪክም ሁሉ ከኃጢአት በታች ናቸው ይላል (ሮሜ 3፥9)። እግዚአብሔር የሰውን ወገኖች ሁሉ ከአንድ ፈጥሮአል (ሐዋ. 17፥26)፤ ሁላችንም በአንዱ ወድቀናል፤ ሁላችንም የምንነሣው በአንዱ ነው። ክፋት በእያንዳንዱ ልብ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ንብረት ሊሆን አይችልም። ክፋት ከሌለ መስቀሉ ለምን አስፈለገ? ክፋት በደም ከሆነ ደግሞ መስቀሉ ምን ይጠቅማል?

ጳውሎስ ይህን እንዴት እንደያዘው እንመልከት። ስለ ቀርጤስ ሰዎች ከራሳቸው ወገን የሆነ አንድ ሰው የተናገረውን ክፉ ስም ጠቀሰ፤ ኃጢአታቸውንም አልሸፈነም። ከዚያ ግን እንዲጠፉ ሳይሆን በእምነት ጤናሞች እንዲሆኑ ገሥጻቸው አለ (ቲቶ 1፥12-13)። ከዚያችው ደሴት፣ ከዚያው ሕዝብ መካከልም ሽማግሌዎች እንዲሾሙ አዘዘ። ኃጢአትን በስሙ መጥራት፣ ሰውን ግን ለጸጋ ማጨት፤ ይህ የወንጌል መንገድ ነው።

«ጨዋታ እኮ ነው»

«ጨዋታን እንደ ጨዋታ ተዉት፤ ኦርክ የለም፣ ማንም አልሞተም» የሚሉን ይኖራሉ። ኦርክ እንደሌለ እናውቃለን። ናታን ለዳዊት የነገረው ታሪክ ውስጥ ያለችው ጠቦትም አልነበረችም። ዳዊት ግን በሌለችው ጠቦት የልቡን ፍርድ አወጣ። ጨዋታ ልብን ሳናውቀው የሚያናግር ስፍራ ነው። አንድ ወጣት በየሳምንቱ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያህል ጠላቱን በመልኩ ለይቶ ያለ ጥያቄ መግደልን ከተለማመደ ምንም አልለመደም ማለት አንችልም።

ይህን ስንጽፍ ስለ ኦርክ ብቻ አናስብም። «እነዚያ ከጥንትም እንዲሁ ናቸው»፣ «ደማቸው ነው»፣ «ልጁም ያው የአባቱ ልጅ ነው» የሚሉ ቃላት ከአማኞች አፍ ሲወጡ ሰምተናል፤ በአገር ቤትም በውጭም፣ ከአምልኮ በኋላ በቡና ላይ። ዳይስ ነክተን አናውቅም፤ መዝገቡን ግን በልባችን ይዘነዋል። ወገን በስሙ፣ በአነጋገሩ፣ በትውልድ አገሩ ተጽፎ አሰላለፉ ከጎኑ ተሞልቷል። በአገራችን በእነዚህ ዓመታት የፈሰሰው ደም የት እንደሚጀምር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በልጁ ላይ «ያው ነው» ብሎ ከመፍረድ ይጀምራል። ጨዋታውን የከሰስንበት ቃል እኛንም ይከሰናል፤ ልጆቻችንን ከመገሠጻችን በፊት እኛ ንስሐ እንግባ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወላጅ ሆይ፣ መጽሐፉን ነጥቀህ ከመጣልህ በፊት ከልጅህ ጋር ተቀመጥ። «በዚህ ታሪክ ክፉዎቹ እነማን ናቸው? ክፉ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ሊመለሱ ይችላሉ?» ብለህ ጠይቀው። ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ስለ ጨዋታውም ስለ ልጅህ ልብም ከማንኛውም ትራክት የበለጠ ትማራለህ። ሕሊናው የከለከለው ካለ ይተወው፤ በእምነት ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት ነውና አናስገድደውም።

የምትጫወት ወጣት ሆይ፣ በተለይ ታሪኩን የምትመራ ከሆነ፣ በእጅህ ብዙ ነገር አለ። ጠላት ይኑር፤ ነገር ግን ጠላትነቱ ከሥራው ይምጣ እንጂ ከቆዳው አይምጣ። የሚዘርፍ ይዘርፍ፣ የሚጨቁን ይጨቁን፣ ፍርድም ያግኘው። እጁን የሰጠ ግን ይኑር። ንስሐ የሚገባ ኦርክ፣ የሚከዳ ኤልፍ ይኑር፤ ረዓብና አካን በጠረጴዛህ ዙሪያ ይታዩ። ጓደኞችህ «ኦርክ እንዴት ይመለሳል?» ብለው ከጠየቁህ ደግሞ፣ ጠላቶች ሳለን ከእግዚአብሔር ጋር ስለታረቅን ስለ እኛ ልትነግራቸው በር ተከፈተልህ ማለት ነው።

ጌታን ገና ሳታውቅ ይህን የምታነብ ወዳጃችንም፣ ምናልባት አንድ ሰው፣ ምናልባትም በክርስቲያን ስም፣ ከተወለድህበት ወገን የተነሣ ተስፋ እንደሌለህ ነግሮህ ይሆናል። ውሸቱን ነው። በኢየሱስ ክርስቶስ ፊት ከደሙ የተነሣ የተዘጋበት ሰው የለም። የእርሱ ደም ለሁሉ ፈስሷልና።

ሕፃኑ አሁንም በዋሻው ጥግ እያለቀሰ ነው። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ለፓላዲኑ ብቻ አልቀረበም። ሰይፉን ወደ አፎቱ የሚመልስና ሕፃኑን የሚያነሣ እርሱ የማንን ልብ እንደያዘ ያሳያል፤ እኛም በጠላቶቻችን ዋሻ ውስጥ ስናለቅስ የተገኘን፣ በምሕረትም የተነሣን ነንና።

ጌታ ሆይ፣ በልባችን የያዝነውን መዝገብ ቅደድልን። ሰውን ሁሉ አንተ በሞትህለት ዓይን እንድናየው እርዳን። አሜን።